ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሦስት ቀን የጀልባና የድንኳን ጉዞ፦ ሐይቅ፣ አርዲቦ ወይስ ወንዝ?

ስድስት ጓደኛሞች «ሦስት ቀን ውኃ ላይ፣ ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ» ብለው ሲነሱ መጀመሪያ የሚታያቸው ወንዝ ነው። ወንዝ እየወሰደ ያደርሳል፤ መቅዘፉ ይቀላል፤ በየቀኑ አዲስ ቦታ ማደር ይቻላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መሬታችን ግን አይፈቅደውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ብቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ባቲን አልፎ እስከ አፋር ቆላ ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ተዳፋት የሚወርድ ወንዝ በክረምት ደራሽ፣ በበጋ ጠጠር ነው። በመሃል ለታንኳ የሚሆን ረጋ ያለ ውኃ የሚገኝበት ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ወደ ሐይቅ ሂዱ። ሐይቅ ላይ አንድ ጊዜ አድራችሁ የበለጠ ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ አጠገቡ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ይሻላችኋል። «ወንዝ ካልሆነ አልሄድም» የሚል ካለ ግን በአካባቢያችን ወንዝ ላይ አይሞክረው። ምክንያቱን በየተራ እናያለን። ከዚህ በኋላ «ሐይቅ» ስንል ውኃውን ነው፤ ከተማዋን «ሐይቅ ከተማ» እንላታለን።

ወንዞቹ ለምን አይሆኑም?

ለኮምቦልቻ ሰው ቅርቡ ቦርከና ነው፣ ደጁ ላይ ይፈሳል። የሚያስቀረው አንደኛው ነገር ንጽሕናው ነው። የከተማዋን ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚቀበሉት «ለዮሌ» እና «ወርቃ» የተባሉት ወንዞች የሚገቡት ቦርከና ውስጥ ነው፤ በእነዚህ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ጀልባ ላይ ሦስት ቀን የሚውል ሰው ውኃው ፊቱና ከንፈሩ ላይ መረጨቱ አይቀርም፤ እንጀራ የሚቆርስበት እጁም በዚያው ውኃ የረጠበ ነው። ከባድ ብረት ደግሞ እንደ ተሕዋስ አይደለም፤ ማፍላትም ሆነ ክሎሪን አያስወግደውም። ሁለተኛው የወንዙ አካሄድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርድ ጨፋ ረግረግ ላይ ይተኛል። ጨፋ ወፍ ለማየት ድንቅ ቦታ ነው፤ ታንኳ ላይ ላለ ሰው ግን ቄጠማው መቅዘፊያውን ይይዝበታል፣ ድንኳን የሚተክልበት ደረቅ መሬት ያጣል፣ በበጋም ከሩቅ የመጡ የከብት መንጋዎች ሣሩን ፍለጋ ይወርዱበታል። ማታ ደግሞ የወባ ትንኝ አለ።

ሚሌ ከአምባሰል በኩል ተነስቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ በብዙ ቦታ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ አይኖረውም፤ ሸክሙን አውርዶ ጀልባውን በጠጠር ላይ መጎተት ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ደጋው ላይ የዘነበው ቆላ ላይ ላለ ሰው ቀድሞ አይታየውም። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ ይመጣል። በሽሎም ከደሴ በስተምዕራብ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ወደ አባይ የሚወርድ ነው። አንድ ጊዜ ከገባችሁ በኋላ ችግር ቢገጥማችሁ መውጫው በእግር ሽቅብ መውጣት ብቻ ነው፤ ይህም ለተጎዳ ሰው አይታሰብም።

አዋሽ እውነተኛ ወንዝ ነው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ሚሌ ከተማ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ይደረሳል። ውኃው በበጋም ይፈሳል፤ ግን አዞ አለው። አዞ ባለበት ውኃ ላይ ዝቅ ያለ የሚነፋ ጀልባ ይዞ መውጣትና ዳሩ ላይ ድንኳን መትከል ልምድ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም። ሙቀቱም ደጋ ለለመደ ሰው ከባድ ነው። አዋሽን ዳርቻው ላይ ቆማችሁ እዩት፤ ለመቅዘፍ አትምረጡት።

አንድ ሳምንት ጊዜ ያለው ቡድን ጣናን ሊያስብ ይችላል። ስፋቱ ሌላ ዓለም ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ሙያው ያላቸው ባለጀልባዎች አሉ። ከደሴ ግን መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላል፤ ለሦስት ቀን ጉዞ አይመጣጠንም።

ሐይቅና አርዲቦ ሲወዳደሩ

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከደሴ መናኸሪያ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ፣ ከከተማዋ በባጃጅ ውኃው ዳር ትደርሳላችሁ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርቻውን ተጠግቶ መዞር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጀማሪ ቀዛፊ በረጋ ውኃ ላይ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ነፋስ የማይነሳበት ጊዜ በቀን 3 ሰዓት ያህል ነው ብንል፣ በሦስት ጠዋቶች ሳትጣደፉ ትዞሩታላችሁ። ለጉዞው ልኩ የሆነው በዚህ ነው፤ ሦስት ቀን ለአንድ ዙር።

የሐይቅ ሌላ ብልጫው ከየትኛውም የዳርቻ ነጥብ ሰውና መንገድ ሩቅ አለመሆኑ ነው። አንዱ ቢታመም፣ ጀልባ ቢቀደድ፣ ምግብ ቢረጥብ በእግር ወጥቶ ባጃጅ መጥራት ይቻላል። ዓሣም አለ። ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1978 ውኃው ውስጥ ተጨምሮ ተራብቷል፤ ከአጥማጆች መግዛት ስለሚቻል የሁለት እራት ሸክም ይቀንስላችኋል። ዳርቻው ላይ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በጥንት ጊዜ ደሴት ነበረ፣ አሁን ከመሬት ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው። ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ ገዳሙ ሴቶችን እንደማያስገባ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ጀልባውን እዚያ ጠርዝ ላይ አስጠግቶ መውረድም፣ በግቢው አቅራቢያ ድንኳን መትከልና ሙዚቃ መክፈትም አይገባም። መጎብኘት የሚፈልጉት በየብስ በር ገብተው ይሂዱ።

የሐይቅ ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ዳሩም በብዙ በኩል ቶሎ ይጠልቃል። «ከወደቅሁ እቆማለሁ» የሚባል ነገር የለም። ሰውም ይበዛበታል፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመዝናናት የሚመጣው ብዙ ነው። ሰኞ ተነስታችሁ ረቡዕ ብትመለሱ ያው ውኃ ሌላ ውኃ ይመስላችኋል።

አርዲቦ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ያለ ነው። ከእሱ የሚወጣው ጅረት ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም። አርዲቦ ጠበብ ያለ ነው፤ ዙሩ በሁለት ጠዋት ያልቃል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቀን ለእግር ጉዞ ይተርፋል። ጸጥታው፣ የማለዳው ጉም፣ ተራራው ውኃው ላይ የሚጥለው ጥላ ከሐይቅ ይበልጣል ብንል አናጋንንም። በአንጻሩ የሚከራይ ጀልባ እናገኛለን ብላችሁ አትሂዱ፤ ሱቅም ሩቅ ነው፤ ሌሊቱም ከሐይቅ ይበርዳል። ሁሉንም ነገር ይዞ መሄድ ለሚችል፣ የራሱ ጀልባ ላለው ቡድን ነው።

ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማገናኘት የሚያምራቸው አሉ። መሬት ላይ የሚታየው 5 ኪሎ ሜትር ቀላል ይመስላል፤ ጀልባ፣ ድንኳንና ምግብ ተሸክሞ 200 ሜትር ሽቅብ መውጣት ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ጉልበትም ይጨርሳል። ማገናኘት ካስፈለገ ከአርዲቦ ጀምራችሁ ወደ ሐይቅ ውረዱ፤ ጀልባውን አስተንፍሳችሁ በመኪና ወይም በአህያ ጭነት አውርዱት። አራት ቀን ያዙለት፣ በሦስት አይሆንም።

ወቅቱ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ክረምቱ አብቅቷል፣ ኮረብታው ገና አረንጓዴ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ውርጭም ሊኖር ይችላል። ከየካቲት ጀምሮ በወሎ በልግ ይመጣል፤ ዝናቡ አንዳንዴ ይቀራል፣ አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ በበረዶና በነጎድጓድ ይወርዳል። ነጎድጓድ ከተሰማ ከውኃው ላይ ወዲያው ውጡ፤ ክፍት ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር እናንተ ናችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ጉዞ አይሆኑም።

ጀልባ መምረጥ

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ ያባክናል፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

ከነቀዛፊው የሚከራይ የአካባቢ ጀልባ ሐይቅ ላይ ይገኛል። ከባድ ነው፣ ዝግ ይላል፣ ግን ይረጋጋል፤ ባለቤቱም ነፋሱን ያውቀዋል። ከመስማማታችሁ በፊት የምትጫኑትን ያህል ክብደት ጫኑበትና ግማሽ ሰዓት ውኃ ላይ አቆዩት። ወለሉ ላይ የሚጠራቀመው ውኃ ከአንድ ጣሳ በላይ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጥቂት ማስገባቱ የተለመደ ነው፤ ለመቅዳት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አፉን በሰያፍ ቆርጣችሁ በገመድ ጀልባው ላይ እሰሩት። ካልታሰረ ከሁሉ አስቀድሞ ተንሳፎ የሚሄደው እሱ ነው።

የሚነፋ ጀልባ በሻንጣ ይገባል፣ ባጃጅ ላይ ይጫናል፣ ለአርዲቦም ሁነኛው ምርጫ እሱ ነው። በገበያ ያለው ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ በፎቶ ሲያዩት ይመሳሰላሉ። አንደኛው ለመዋኛ ገንዳ የተሠራ መጫወቻ ነው፤ ላስቲኩ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሁለተኛው ለሐይቅና ለወንዝ የተሠራ ነው፤ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ ውስጡም በክር የተጠናከረ ነው፣ ሲያጥፉት እንደ ሸራ ይጠነክራል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የአየር ክፍሎች ያሉት ይሁን፤ አንዱ ቢተነፍስ ሁለቱ ዳር ያደርሷችኋል። ባለ አንድ ክፍል ጀልባ ይዞ ሐይቅ ላይ መውጣት ሕይወትን በአንድ እሾህ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ግራር ደግሞ በየዳርቻው አለ።

የሚነፋ ጀልባ አየሩ ከፀሐይ ጋር ይሰፋል። ማለዳ በብርዱ አጥብቃችሁ ከነፋችሁትና በ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሬት ላይ ከተዋችሁት ስፌቱ ሊፈነዳ ይችላል። ከውኃ ስታወጡት ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ ወይም ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት አየር አስወጡ። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲመለስ ይለሰልሳል፤ ያኔ ጨምሩበት። ብዙ ሰው መለስለሱን ሲያይ «ተበሳ» ብሎ ይደነግጣል። ለመለየት የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ የተበሳ ከሆነ አረፋው ይፈላል።

ሲበሳ ወደ ጎሚስታ አትውሰዱት። የብስክሌት ካላማዳሪያ የሚለጠፍበት ማጣበቂያ ለጎማ የተሠራ ነው፤ እነዚህ ጀልባዎች ግን ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ በአንድ ቀን ውስጥ ይላቀቃል። ከጀልባው ጋር የሚመጣውን ቁራጭና ማጣበቂያ ያዙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱ፣ አድርቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፤ ቁራጩን ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር እንዲተርፍ፣ ጥጉም ክብ እንዲሆን አድርጋችሁ ቁረጡ። ጥግ ያለው ቁራጭ ከጥጉ ጀምሮ ይነሳል። ማጣበቂያውን በሁለቱም ወገን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ጣት ላይ ጥቂት ሲይዝ፣ ሳይረጥብ፣ አጋጥሙትና በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። ከዚያ ድንጋይ ጫኑበትና 12 ሰዓት ተዉት። የሚላቀቀው ሁልጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፤ እርጥበት ወይም ጥድፊያ።

ጠንካራ የፋይበር ወይም የፕላስቲክ ታንኳ ካገኛችሁ ከሁሉም በተሻለ ይቀዘፋል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ነፋስም እንደ ሚነፋው ጀልባ በቀላሉ አይገፋውም። ወደ 5 ሜትር የሚረዝምና ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን ስለሆነ ግን የመኪና ጣሪያ ያስፈልገዋል፣ አገር ውስጥም በቀላሉ አይገኝም። የደንገል ታንኳ ለተለማመደ ሰው ጥሩ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና በየማታው ፀሐይ ላይ መድረቅ ስላለበት ዕቃ ለጫነ ጀማሪ አይመችም።

ለስድስት ሰው ምርጫችን አንድ ትልቅ የኪራይ ጀልባ ከነቀዛፊው ለዕቃውና ለደከመው፣ ሁለት ባለ ሁለት ሰው የሚነፉ ጀልባዎች ለመቅዘፍ ነው። በየተራ ትለዋወጣላችሁ፤ አንዱ ቢበሳ ሁሉም ሰው መሳፈሪያ አለው። ሦስት የሚነፉ ብቻ ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ ይቻላል፣ ግን ዕቃው ይበዛባቸዋል። ለምን እንደሚበዛ ሒሳቡን እንሥራ። ባለ ሁለት ሰው ጀልባ 200 ኪሎ ይችላል ተብሎ ቢጻፍበት፣ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 150 ኪሎውን ብቻ ቁጠሩ፤ የተጻፈው ማዕበል በሌለበት የሚንሳፈፍበት ልክ ነው። ሁለት ሰው በ65 ኪሎ 130 ነው። የሚቀረው 20 ኪሎ አንድ ጀሪካን ውኃ ብቻ ነው፤ ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱና ምግቡ ገና አልገቡም። ልኩን በዓይን ለማየት፣ ተጭኖ ሲያበቃ የጀልባው ጠርዝ ከውኃው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር መቅረት አለበት።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ያስፈልጋል፤ በጋራ የሚለበስ ጃኬት የለም። ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ለብሳችሁ ማሰሪያውን አጥብቁና ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጃኬቱ እስከ ጆሮ ከወጣ ውኃ ውስጥ ፊትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። የተዘጋ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ ያህል ያንሳፍፋል፤ 10 ሜትር ገመድ አስራችሁበት ለወደቀ ሰው የሚወረወር አድርጉት፤ በጃኬት ፋንታ ግን አይሆንም።

ውኃው ላይ

ጠዋት ውኃው መስታወት ነው። በ12 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ በ4 ሰዓት ዳር ውጡ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ማታ ወደ 11 ሰዓት ተኩል መልሶ ሊረጋ ይችላል፣ ያኔ ግን ጨለማው ቅርብ ስለሆነ አትመኑት። ነፋስ መምጣቱን ውኃው ራሱ ይናገራል። በሩቅ በኩል ውኃው ላይ ጠቆር ያለ የተሸበሸበ መስመር ይታያል፤ ወደ እናንተ ሲቀርብ ታዩታላችሁ። ያ መስመር ሳይደርስ ዳር መያዝ አለባችሁ። የማዕበሉ ጫፍ ነጭ ማለት ከጀመረ ዘግይታችኋል፤ ተንበርክካችሁ ቅዘፉ፣ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ በጥቂቱ ሰያፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ጎኑን በጭራሽ አትስጡት።

በመሃል ማቋረጥ መንገድ ያሳጥራል፤ ግን አታድርጉት። ከዳር ከ50 ሜትር ሳትርቁ ሂዱ። ጀልባ ሲጫን ከባዱ መሃልና ታች፣ ቀላሉ ዳርና ላይ ነው። አፍንጫው ከከበደ ማዕበል ይጠጣል፤ ኋላው ከከበደ ነፋስ አፍንጫውን ይዞ ያዞረዋል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ዕቃ ሳይጫን፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ሁላችሁም ሆን ብላችሁ ተገልበጡ። ይህን መዝለል የለም። ሰው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ጀልባውን ትቶ ወደ ዳር መዋኘት ነው፤ የሚሰምጠውም በዚያ ነው። ጀልባው ቢገለበጥም ይንሳፈፋል፤ አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ እሱ ላይ ይሁን። ጮክ ብላችሁ ተቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ አብራችሁ ገልብጡት፤ አንዱ በአንድ ወገን ተደግፎ ሲይዝ ሌላው ከማዶ በሆዱ ይሳብ። መዋኘት የማይችል ሰው ከሚችል ጋር ይቀመጥ፤ ጃኬቱንም ዳር ካልረገጠ አያውልቅ።

ዕቃ የሚረጥበው ሲገለበጡ ብቻ አይደለም፤ ከመቅዘፊያ የሚንጠባጠበው በሦስት ሰዓት ውስጥ ጋቢ ያረጥባል። ክዳኑ የሚጠብቅ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ ለምግብ ጥሩ ነው። ለልብስና ለጋቢ ሁለት ወፍራም ፌስታል አንዱን በሌላው ውስጥ፣ ከውጭ ማዳበሪያ ጆንያ አድርጉ። ፌስታሉ ውኃ ይከለክላል፣ ጆንያው ፌስታሉን ከመቀደድ ያድነዋል። አፉን ስታስሩ ጥቂት አየር ተዉበት፤ ቢወድቅ ይንሳፈፋል።

ማደሪያ

ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቅርብ ወዳለው ቤት ሂዱ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ጠይቁ። ለቀበሌውም አሳውቁ፤ ሌሊት ችቦ ይዞ የሚመጣ ሰው እናንተን ያውቃችኋል። የከብት መውረጃ መንገድ ላይ አትትከሉ፤ ማለዳ ከብቱ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ድንኳናችሁ መሃሉ ላይ ነው። ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፣ ከፍ በሉ፤ ለትንኙም ለብርዱም ይሻላል። ጅብ በአካባቢው አለ። ምግብ፣ የዓሣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ድንኳን ውስጥም ደጃፉ ላይም አይደር፤ ባልዲው ተከድኖ ዛፍ ላይ ይሰቀል፣ ፍርፋሪው ይቀበር።

ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከመደረብ ከገበሬ አንድ ሁለት ሸክም ገለባ ገዝቶ ድንኳኑ ሥር መጎዝጎዝ ይበልጣል። የድንኳኑን መስኮት ሙሉ በሙሉ አትዝጉ፤ እስትንፋስ ላብ ሆኖ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ በምንም ምክንያት አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ከሰሉ የሚያወጣው መርዛም ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃም። «ጥቂት ይሙቅና እናወጣዋለን» የሚለው ሐሳብ ነው ሰው የሚገድለው።

ውኃና ምግብ

ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ቁጠሩ። ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን 72 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 72 ኪሎ ነው፣ አንድ ጎልማሳ ሰው እንደማለት። ግማሹን ከከተማ ይዛችሁ ግማሹን እዚያው አክሙት። የሐይቁን ውኃ ስትቀዱ ከቄጠማው ራቅ ካለና ከብት ከማይወርድበት ቦታ ይሁን። አራት ጊዜ በታጠፈ ነጠላ አጥሉት፤ አልቅትና ጭቃ ይቀራል። ከዚያ አፍሉት። በከፍታ ምክንያት ውኃ እዚህ ከ94 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ስለሚፈላ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። «ውኃ አጋር» የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ድፍርስ ውኃ ላይ ግን ኃይሉ ስለሚቀንስ ማጥለሉን አትዝለሉ።

ለምግብ ከከተማ የሚመጣ ነገር ሁሉ ደረቅ ይሁን። ድርቆሽ ለስድስት ሰው ለአንድ ጊዜ ከ700 እስከ 800 ግራም፣ ሽሮ 400 ግራም ይበቃል። በሶ ለቁርስ 600 ግራም ያህል፤ ማር ወይም ስኳር ጨምራችሁ በጥብጡት፣ እሳት አያስፈልገውም፣ ለዚህም ማለዳ ሳትዘገዩ ለመነሳት እሱን የሚተካ የለም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ እጅ በሚደርስበት ኪስ ይሁን። ወሎ ላይ ጓደኛሞች ሲሰበሰቡ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ስለሚሆን ሥጋ ሁለት ዓይነት ድስት ያስፈልገዋል፤ ዓሣና ሽሮ ግን ለሁሉም አንድ ገበታ ነው። ጾም ላይ ያለ ሰው ዓሣ ይበላ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ይህም ከሰው ሰው ይለያያል።

ቢልሃርዝያና ወባ

ቢልሃርዝያ በአካባቢያችን ያለ በሽታ ነው። ትሉ ዳር ላይ ቄጠማና ቀንድ አውጣ ባለበት በረጋና በሞቀ ውኃ ውስጥ ሆኖ በቆዳ ይገባል፤ ውኃውን ባይጠጡትም። ስለዚህ ስትወጡና ስትገቡ ድንጋያማ ዳር ምረጡ፤ ቦት ጫማ ያዙ፤ ልጆች የሚታጠቡበትና ልብስ የሚታጠብበት ጥግ ላይ አትቁሙ። የመገልበጥ ልምምዱንም ቀንድ አውጣ በሌለበት ጠጠራማ ቦታ አድርጉ። ከጉዞ በኋላ ወዲያው መድኃኒት መዋጥ አይጠቅምም፤ ፕራዚኳንቴል የሚገድለው ያደጉትን ትሎች ስለሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቃችሁ ጤና ጣቢያ ተመርመሩ።

ወባ ከክረምት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበዛል። ደሴ ያደገ ሰው ስለማያውቀው ይዘናጋል። አጎበር ያዙ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ትኩሳት ከመጣባችሁ ለሐኪም ሐይቅ ዳር ማደራችሁን ንገሩ።

ከባለጀልባው ጋር

ዋጋ ስትነጋገሩ በዙር ሳይሆን በቀን ተስማሙ፤ በዙር ከሆነ ነፋስ ላይም ቢሆን ለመጨረስ ይቸኩላል። የሚከተሉትን ፊት ለፊት ተነጋገሩ፦ ሌሊት ከእናንተ ጋር ያድራል ወይስ ጠዋት ይመጣል? ምግቡ የማን ነው? ነፋስ ቢያስቀረን የዚያ ቀን ይከፈላል? መልሱ «አዎ» እንዲሆን እናንተ ራሳችሁ ግፉ፤ የማይከፈለው ከሆነ በነፋስ ውስጥ ለመሄድ ምክንያት ይኖረዋል። ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ሲመለሱ ክፈሉ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ሹፌሮችን ጠይቁ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚቀር አንድ ሰው የስድስታችሁን ስም፣ የባለጀልባውን ስልክ፣ በየሌሊቱ የምታድሩበትን አቅጣጫና የመመለሻችሁን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ በሦስተኛው ቀን እስከ ማታ 2 ሰዓት ካልደወላችሁ መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚደውል ከታች ጻፉለት።